ማሽኑ ሲጎርስ

በአንድ ቁጥር ልጀምር፦ 3,000። አሜሪካ ውስጥ በየጋራዡና በየምድር ቤቱ፣ ጠረጴዛ ላይ በቡሎን ታስረው ጥይት የሚሞሉ ባለሞተር ማሽኖች አሉ። ፈጣኖቹ በሰዓት እስከ 3,000 ጥይት እንዲያወጡ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ በየ1.2 ሰከንዱ አንድ ጥይት ሳጥን ውስጥ ጠብ ይላል ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ስለ ጦር መሣሪያ ፋብሪካ አይደለም የማወራው። የማሽኑ ባለቤት ቅዳሜ ቅዳሜ የዒላማ ተኩስ ውድድር የሚሄድ ጡረተኛ፣ ወይም የቧንቧ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል።

የቁጥሩ ክብደት የሚገባው ሥራው በእጅ ሲሠራ ላየ ሰው ነው። ተተኩሶ የወደቀ ቀለህ ለቅሞ፣ አጽድቶ እንደገና ጥይት ማድረግ በአሜሪካ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የቤት ውስጥ ሙያ ነው። ጥይት ሲፈታ አራት ነገር ነው፦ የናስ ቀለህ፣ ከቀለሁ ግርጌ የሚገባ ፕራይመር የሚባል እሳት ጫሪ ቆብ፣ ባሩድ፣ እና በርሮ የሚሄደው አረር። ከአራቱ ከተኩስ ተርፎ የሚገኘው ቀለሁ ብቻ ነው። ከአራቱ ውዱም እሱ ነው፤ የሙያው ትርፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። በቀላሉ የእጅ ማሽን እያንዳንዱ ቀለህ ለእያንዳንዱ ሥራ ለብቻው ይገባል፤ አንዴ ያለቀውን ፕራይመር አስወጥቶ ቅርጹን ለማስተካከል፣ አንዴ አዲስ ፕራይመር ለማስገባት፣ አንዴ ለባሩድ፣ አንዴ ለአረር። እጁ የለመደ ሰው በዚህ መንገድ በሰዓት 50፣ ቢበዛ 100 ጥይት ይሞላል። ባለሞተሩ በአንድ ሰዓት የሚያወጣውን ለማውጣት ይህ ሰው ሠላሳ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ መደፋት አለበት።

ማሽኑ ጊዜውን የሚያተርፈው ሥራዎቹን በማደራረብ ነው። ፕሮግረሲቭ በሚባለው ዓይነት ውስጥ ቀለሆቹ በአንዲት ክብ የብረት ሰሌዳ ዙሪያ ይሰለፋሉ፤ ሰሌዳዋ እንደ ማሽኑ ስምንት ወይም አሥር ማረፊያ አላት። የማሽኑ ክንድ አንድ ጊዜ ወርዶ ሲነሣ በሁሉም ማረፊያ ያለው ሥራ በአንድ ቅጽበት ይሠራል። አንደኛው ቀለህ ቅርጹ ሲስተካከል ሌላው ፕራይመር ይጎርሳል፣ ሌላው ባሩድ ይቀበላል፣ ሌላው አረር ይገጠምለታል፤ ከዚያ ሰሌዳዋ አንድ እርምጃ ትዞራለች። ስለዚህ አንዱ ጥይት ከመግቢያ እስከ መውጫ አሥር አሥራ ሁለት ሰከንድ ማሽኑ ውስጥ ይቆያል፤ የሚወጣው ግን በየ1.2 ሰከንዱ ነው። እጀታ በመጎተት ብቻ የሚሠሩት የዚሁ ዘር ማሽኖች፣ ለምሳሌ ዲሎን የሚባለው ኩባንያ ባለስምንት ማረፊያው፣ በሰዓት ከ1,000 እስከ 1,200 ጥይት ያወጣሉ ተብለው ነው የተሸጡት። ኩባንያውን የመሠረተው ማይክ ዲሎን የአየር መንገድ አብራሪ ነበር፤ በ1970ዎቹ የሽጉጥ ጥይት የሚሞላ ማሽን ለጠመንጃ ጥይት እንዲያገለግል በማሻሻል ነው የጀመረው። (በዚህ ጽሑፍ ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሞተሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያደረገውም የሰውየውን ክንድ ማሳረፍ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ለሽጉጥ ጥይት ሙሉ፣ ለጠመንጃ ጥይት ግን ግማሽ እውነት ነው። የጠመንጃ ቀለህ ትከሻና አንገት አለው፤ ጠመንጃው ሲተኮስ በውስጡ የሚፈጠረው ግፊትም ብርቱ ነው። በኤም-16 ቤተሰብ ጠመንጃዎች የሚተኮሰው ባለ 5.56 ሚሊ ሜትር ጥይት ለገበያ በሚቀርብበት ዓይነቱ የግፊቱ ጣሪያ 55,000 ፓውንድ በስኩዌር ኢንች ነው፤ በባሕር ጠረፍ ላይ ያለ አየር ከሚጫነን ግፊት 3,700 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ናሱ በዚህ ግፊት ወደ ፊት ይፈስሳል። ቀለሁ በተተኮሰና ቅርጹ በተመለሰ ቁጥር እየረዘመ ይሄዳል። የርዝመቱ ወሰን 44.70 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ ካለፈ አንገቱ ጠመንጃው ውስጥ ተጨናንቆ አረሩን አልለቅ ይላል፣ ግፊቱም ከወሰኑ ይወጣል። ስለዚህ ወደ 44.45 መቆረጥ አለበት። ሩብ ሚሊ ሜትር፣ ለዚያውም ለእያንዳንዱ ቀለህ!

ለዚህ ሥራ ማሽኑ አናት ላይ ሌላ ትንሽ ሞተር ይተከላል፤ ቀለሁ ከታች ሲገፋ ምላጩ እየተሽከረከረ ትርፉን ላጭቶ ይጥለዋል። ግን ቀለሁ ወደ ቅርጽ ማስያዣው ብረት ያለ ቅባት ከገባ እዚያው ይነክሳል። ቅባት ከተቀባ ደግሞ ባሩድ ከመግባቱ በፊት መጥራት አለበት። በመሆኑም ቀለሆቹ ከማሽኑ ይወጡና በተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ የተሞላ በርሜል ውስጥ ገብተው ሲንቀጠቀጡ ያድራሉ። (አዎ፣ ቆረቆንዳ፤ እኛ ምድጃ ውስጥ የምንከተውን እነሱ ናስ መወልወያ ብለው በከረጢት ይገዙታል።) ከዚያ ተመልሰው ለሁለተኛ ዙር ወደ ማሽኑ ይገባሉ፤ ፕራይመሩም፣ ባሩዱም፣ አረሩም የሚገባው በዚህ ዙር ነው። እንግዲህ 1,000 የጠመንጃ ጥይት ማለት ማሽኑ 2,000 ጊዜ ወርዶ መነሣቱ ነው፤ ሰዓቱም እጥፍ ነው። ስለ ፍጥነት የሚፎክር ማስታወቂያ ይህን አይነግራችሁም።

ሩጫው ሁሉ የቆመው ግን በአንዲት ቀዳዳ ላይ ነው፤ የቀዳዳዋ ታሪክ ደግሞ ወደ እኛው አገር ያመጣናል።

1866 ላይ ሁለት ሰዎች አንድ ችግር ለየብቻቸው ፈቱ። ችግሩ ፕራይመሩን በቀለሁ ግርጌ እንዴት እናስቀምጠው የሚል ነበር። አሜሪካዊው ሂራም በርዳን የፕራይመሩን መመከቻ ጉብታ የቀለሁ አካል አደረገውና እሳቱ በጉብታው ግራና ቀኝ ባሉ ደቃቅ ቀዳዳዎች ወደ ባሩዱ እንዲያልፍ አደረገ። በዉሊች የመንግሥት መሣሪያ ፋብሪካ የነበረው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቦክሰር ደግሞ መመከቻውን ከፕራይመሩ ጋር አዋደደውና ለእሳቱ አንዲት ቀዳዳ መሀል ላይ ተወ። ሁለቱም ይሠራሉ። ልዩነቱ ከተኩስ በኋላ ነው የሚታየው። በቦክሰር ቀለህ ከአፉ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ብትሰዱ መሀል ባለችው ቀዳዳ አልፎ ያለቀውን ፕራይመር ገፍቶ ይጥለዋል። በበርዳን ቀለህ ዘንጉ የሚያገኘው ጉብታውን ነው፤ ወይ ዘንጉ ይሰበራል፣ ወይ ይጣመማል። ፕራይመሩን ለማውጣት ከውጭ በመንቆር መፈልቀቅ ያስፈልጋል፣ አንድ በአንድ።

የቦክሰር ጥይት የሚተኮስበት ስናይደር ጠመንጃ፣ እኛ ስናድር የምንለው፣ ከባድ ውጊያ ላይ መጀመሪያ የተሞከረው መቅደላ አጠገብ አሮጌ ሜዳ ላይ ነው፤ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ አፕሪል 10፣ 1868፤ ዕለቱ ስቅለት ነበር። ከአፈሙዝ እየተጎሰረ የሚሞላ ጠመንጃ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ቢተኮስ ነው፤ ስናድር በሠለጠነ እጅ አሥር ጊዜ ያህል ይተኮሳል። የዐፄ ቴዎድሮስ የጦር አዛዥ ፊታውራሪ ገብርዬ የወደቁት በዚያ ሜዳ ነው። ከዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት የሞተው 700 ያህል ተብሎ ይገመታል፤ ከእንግሊዞች ወገን የቆሰሉት ሃያ ገደማ ሲሆኑ ሁለቱ ሞቱ። የዚያን ቀን የወደቀው ቀለህ ከቀጭን የናስ ቅጠልና ከወረቀት የተጠቀለለ ነበር። ፕራይመሩ ግን ዛሬ በአሜሪካ ጋራዦች ውስጥ በሰዓት 3,000 ጊዜ እየተገፋ የሚወጣውና የሚገባው የፕራይመር ዓይነት ነው። እንግሊዛዊው የፈጠረው አሜሪካ ቀረ፣ አሜሪካዊው የፈጠረው ወደ አውሮፓና ወደ ሩሲያ ተሻገረ። ክላሽ ከሶቭየቶች ጋር ሲመጣ የበርዳንን ቀለህ፣ ለዚያውም ከናስ ይልቅ ከብረት የተሠራውን፣ ይዞ ነው የመጣው። የክላሽ ቀለህ ሠርግ ላይም ለቅሶ ላይም ተተኩሶ መሬት የሚቀረው፣ አንስቶ መልሶ የሚሞላው የማይገኘው፣ ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ጋራዡ እንመለስ። እኔን ከሚያወጣው ይልቅ የሚበላው ነው የሚያስገርመኝ።

ማሽኑ ፕራይመር የሚጎርሰው 100 ፍሬ ከሚይዝ ቀጭን ቱቦ ነው። ቱቦው ራሱ በወፍራም የብረት ሽፋን ውስጥ ይቆማል፤ ምክንያቱም አንዱ ፕራይመር ቢፈነዳ ጎረቤቱን፣ ጎረቤቱም ጎረቤቱን ያስነሣል፤ ሽፋኑ ፍንዳታው ወደ ጎን ወደ ሰውየው እንዳይመጣ ነው። ለዚሁ ሲባል ነው ፕራይመር ከፋብሪካ ሲወጣ እያንዳንዱ ፍሬ በየጎጆው ተለያይቶ የሚታሸገው። አሁን እናስላ። በሰዓት 3,000 ማለት በደቂቃ 50 ነው። መቶው ፕራይመር በሁለት ደቂቃ ያልቃል። ባለማሽኑ ሁለት ደቂቃ በሞላ ቁጥር ሌላ ቱቦ ይዞ ካልቆመ ማሽኑ ይቆማል። ቱቦውን በእጅ መሙላት ደግሞ ራሱን የቻለ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ለዚህም ሌላ ትንሽ ማሽን ተሠራለት፤ እሱም መቶውን ለማሰለፍ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። አንዱ የሚሞላው ሌላው ከሚበላው ጋር ጭራና ራስ ሆኖ ይሮጣል፤ አንዱ ቢያስነጥስ ሁለቱም ይቆማሉ።

የአሜሪካ የእሳት መከላከል ማኅበር ያወጣው፣ ብዙ ከተሞችና ግዛቶችም የሚከተሉት ደንብ አንድ ሰው በመኖሪያ ቤቱ ከ10,000 በላይ ፕራይመር እንዳያስቀምጥ ይላል። ደንቡን ላረቀቀ ሰው አሥር ሺህ ብዙ ነው፤ በሰዓት 50 ለሚሞላ ሰው የሁለት መቶ ሰዓት ሥራ ነው። ለባለሞተሩ ግን ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው። ከቁርስ በኋላ ቢጀምር ምሳ ሳይደርስ በቤቱ የተፈቀደለትን ፕራይመር ሁሉ ይጨርሳል።

ባሩዱም እንዲሁ ነው። የባሩድ መለኪያው ግሬይን ይባላል፤ አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬይን ነው። አንድ 5.56 ጥይት 25 ግሬይን አካባቢ ይጎርሳል፤ ከአንድ ፓውንድ 280 ጥይት ይወጣል። ማሽኑ በሰዓት ወደ 11 ፓውንድ፣ በእኛ መለኪያ ወደ 5 ኪሎ ባሩድ ይበላል ማለት ነው። ያው ደንብ ጭስ አልባ ባሩድ በራሱ ማሸጊያ ሆኖ በቤት ውስጥ 20 ፓውንድ ድረስ ብቻ ይፈቅዳል፤ ከዚያ ካለፈ በወፍራም የእንጨት ሳጥን ውስጥ መሆን አለበት፣ ጣሪያውም 50 ፓውንድ ነው። ሃያው ፓውንድ 5,600 ጥይት ነው። ሁለት ሰዓትም አይሞላ።

ሰው ይህን ሲሰማ ገንዘብ ካለ ችግር የለም ይላል። በ2020 እና በ2021 ግን በአሜሪካ ገንዘብ ያለውም ፕራይመር አጣ። ወረርሽኙ፣ ምርጫው፣ ሁከቱ ተደራርቦ ሰው ጥይት ሲገዛ ፋብሪካዎቹ ያላቸውን ፕራይመር ለራሳቸው ጥይት አደረጉት፤ ለቤት ሞይዎች የተረፈው ጥቂት ነበር። በዚያ ሰፊ አገር ገበያውን ይዘው የቆዩት ትልልቆቹ ፕራይመር ሠሪዎች አራት ናቸው፤ በሚኒሶታ፣ በአይዳሆ፣ በሚሲሲፒና በአርካንሶ። በብዙ ሺህ ዶላር የተገዙ ማሽኖች ከአንድ የምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ቆብ ጠፍታባቸው አቧራ ጠጡ።

ባሩዱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ፍጥነት ሰው የገደለበት ታሪክ ያለው እዚህ ነው።

ማሽኑ ባሩድ አይመዝንም፤ ለመመዘን ጊዜ የለውም። የሚያደርገው መስፈር ነው፦ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ትሞላለች፣ ትገለበጣለች። ጉድጓዷ ሁልጊዜ እኩል እንድትሞላ ባሩዱ መፍሰስ አለበት። ደህና ተስተካክሎ ከተሠራ ልዩነቱ በአንድ አሥረኛ ግሬይን አካባቢ ይሆናል፤ ሁለት የሰሊጥ ፍሬ ማለት ነው። በዘንግ መልክ የተቆራረጠ ባሩድ ግን እርስ በርሱ እየተደጋገፈ ጠባብ አንገት ላይ ድልድይ ይሠራል፤ አንዱ ቀለህ ጎድሎ፣ ቀጣዩ ተርፎ ይወጣል። የቀለሁ አፍ ስፋት ደግሞ ስድስት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በብዛት የሚሠሩ ሰዎች የሚወዱት በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተፈጠረውን ድቡልቡል ባሩድ ነው። ፍሬዎቹ ክብ ናቸው፣ እንደልብ ይፈስሳሉ፤ ለመሥራትም ፈጣንና ርካሽ ናቸው።

በ1964 የአሜሪካ ጦር ለኤም-16 ጥይት ከዘንግ ባሩድ ወደ ድቡልቡሉ ዞረ። የዘንጉ ባሩድ በብዛት ሲመረት የሚፈለገውን ፍጥነትና ግፊት እኩል መጠበቅ አስቸግሮ ነበር። ጠመንጃው ግን የተሠራውና የተፈተነው በፊተኛው ባሩድ ነው። አዲሱ ባሩድ የጠመንጃውን የርሽራሽ ፍጥነት ከልኩ በላይ ወደ ላይ ገፋው፣ ውስጡንም አቆሸሸው። ወታደሩ መጽጃ ዕቃ እንኳ ሳይሰጠው ወደ ቬትናም ሄደ፤ በውጊያ መሀል ቀለህ እየነከሰ ጠመንጃው እምቢ አለ። በ1967 የአሜሪካ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ የባሩዱ ለውጥ እንደነበረ በሪፖርቱ አስፍሯል። አንድ ፍሬ ባሩድ ክብ ትሁን ዘንግ የሚለው ጉዳይ አንድ ጥይት ለሚሠራ ሰው ምንም አይደለም። ሚሊዮን ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል።

ስሕተትም እንዲሁ ነው። ከሺህ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሳሳት እጅ ጎበዝ እጅ ነው፤ በሰዓት 50 የሚሞላ ሰው በዚህ ልክ ከተሳሳተ በሃያ ሰዓት አንድ ነው። ማሽኑ በዚያው ልክ ከተሳሳተ በሰዓት ሦስት ነው። ስሕተቱም ቀልድ አይደለም። ባሩድ ሳይገባ የታሸገ ጥይት ሲተኮስ ፕራይመሩ ብቻውን አረሩን ይገፋና በጠመንጃው ቱቦ መሀል ይተወዋል፤ ተኳሹ ሳያውቅ ሁለተኛ ቢተኩስ ቱቦው ያብጣል ወይም ይፈነዳል። ሁለት ጊዜ ባሩድ መስጠት ደግሞ በሽጉጥ ጥይት የታወቀ አደጋ ነው፤ ለሽጉጥ የሚሰጠው ባሩድ ጥቂት ስለሆነ እጥፉ ቀለሁ ውስጥ ተደብቆ ያልፋል። በጠመንጃ ጥይት ግን ቀለሁ በአንዱ ስፍር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ሁለተኛው ሞልቶ ይፈስሳል፣ ማሽኑንም ባሩድ ያለብሰዋል። የጠመንጃ ጥይት ሞይዎች የሚራገሙበት ይህ መፍሰስ ሕይወታቸውን የሚጠብቅላቸው ነው። በባለሞተሩ ላይ የሰውየውን ዓይን የሚተኩ ሴንሰሮች ይተከላሉ፦ ያለቀው ፕራይመር በእርግጥ ወድቋል ወይ፣ አዲሱ ገብቷል ወይ፣ ባሩዱ ከልኩ ላይ ነው ወይ፣ አረሩ አለ ወይ። አንዱ አይደለም ካለ ሞተሩ በዚያው ቅጽበት ይቆማል። ብዙ ባለቤቶች ፍጥነቱን ከ3,000 በታች ዝቅ አድርገው የሚሠሩትም በዚህ ነው፤ ባሩድ በጠባብ አፍ ለመውረድ፣ ሴንሰርም ለማየት ጊዜ ይፈልጋል።

አሁን ከጋራዡ ወጥተን ወደ ሚዙሪ እንሂድ። ኢንዲፔንደንስ ከተማ አጠገብ ሌክ ሲቲ የሚባል የአሜሪካ ጦር የጥይት ፋብሪካ አለ። በዲሴምበር 1940 ግንባታው ሲጀመር የመጀመሪያዋን አካፋ አፈር የዛቀው የዚያው አገር ሰው ሴናተር ሃሪ ትሩማን ነበር፤ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው። ፋብሪካው በ1941 ማምረት ጀመረ። ዛሬ በዓመት 1.6 ቢሊዮን ገደማ የነፍስ ወከፍና የመትረየስ ጥይት የማምረት አቅም አለው። ሌሊትና በዓል ሳይል ቢሠራ በየሰከንዱ 50 ጥይት ነው። በ1970ዎቹ በጦሩ የማዘመን ፕሮግራም የተተከሉት የ5.56 መስመሮች እያንዳንዳቸው በደቂቃ 1,200 እንዲያወጡ ታስበው የተሠሩ ናቸው።

ይህንን ከጠመንጃው ጋር አወዳድሩት። ኤም-16 ቃታው ተይዞ ከቀረ በደቂቃ 800 ያህል ይተኩሳል። ሠላሳ ጎራሽ ካርታ ከሁለት ሰከንድ ትንሽ በለጥ ባለ ጊዜ ባዶ ይሆናል። ያንን ካርታ ለመሙላት ባለሞተሩ የጋራዥ ማሽን፣ የመጀመሪያውን ዙር ሳንቆጥር፣ 36 ሰከንድ፣ በእጅ የሚሞላው ሰው ደግሞ ቢፈጥን 18 ደቂቃ ያስፈልጋቸዋል። ጠመንጃው የአንድ ደቂቃ ሥራው ለማሽኑ የ16 ደቂቃ ዕዳ ነው። እስካሁን ካነሣናቸው ሁሉ ጠመንጃውን የሚቀድመው የሌክ ሲቲ መስመር ብቻ ነው፤ አንዱ መስመር አንድ ጠመንጃ ተኩሶ ሊጨርሰው የማይችለውን ያወጣል። የፋብሪካውን የአንድ ዓመት ምርት አንድ ጠመንጃ ያለ ዕረፍት ልተኩሰው ቢል አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ሁሉንም 5.56 ነው ብለን ጥይቶቹን ጫፍ ለጫፍ ብንደረድር ደግሞ ሰልፉ ወደ 92,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ምድርን ሁለት ጊዜ ዞሮ ይተርፋል።

አንድ ስሌት ግን ራሴን አስደንግጦኛል። የጋራዡ ማሽን በሰዓት 3,000 እያወጣ ዓመቱን ሙሉ ሳይቆም ቢሠራ 26 ሚሊዮን ከ280 ሺህ ጥይት ነው። 1.6 ቢሊዮኑን ለዚህ አካፍሉት፤ 61 ይመጣል። ስድሳ አንድ የጠረጴዛ ማሽን! በአንድ መካከለኛ አዳራሽ የሚያልቅ ነገር ከግዙፉ ሌክ ሲቲ ጋር እኩል ነው ማለት ነው? ቁጥሩ ልክ ነው፣ ግን ያታልላል። የጋራዡ ማሽን የሚያገኘው ያለቀለት ቀለህ ነው። ፋብሪካው የሚጀምረው ከናስ ስኒ ነው፤ ስኒውን በተደጋጋሚ ስቦ ያረዝመዋል፣ በየመሀሉ ናሱ እንዳይሰነጠቅ በእሳት ያለዝበዋል፣ ግርጌውን ይቀጠቅጣል፣ የፕራይመሩን ጎጆ ይወጋል፣ ትከሻና አንገት ያወጣለታል። አረሩንም ይሠራል፣ ፕራይመሩንም ይሠራል። ስልሳ አንዱ ማሽኖች የሚሠሩት የመጨረሻዋን ምዕራፍ ብቻ ነው። አንድ የ5.56 ቀለህ ስድስት ግራም ነው፤ 1.6 ቢሊዮን ቀለህ ወደ 9,600 ቶን ናስ ይሆናል፤ የጥይት ናስ ሰባ በመቶው መዳብ ስለሆነ ወደ 6,700 ቶን መዳብ ማለት ነው።

የዛሬው ሌክ ሲቲም ቢሆን በጦርነቱ ዘመን እኩዮቹ ድምር ፊት ትንሽ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት አሜሪካ ከ40 ቢሊዮን በላይ የነፍስ ወከፍና የመትረየስ ጥይት አምርታለች። የዛሬው ሌክ ሲቲ በሙሉ አቅሙ ያንን ለመድገም 25 ዓመት ይፈጅበታል። የክሪስለር መኪና ኩባንያ በኢንዲያና ኢቫንስቪል ያካሄደው አንድ ፋብሪካ ብቻ ከ3 ቢሊዮን በላይ አውጥቷል፤ አብዛኛውም የሽጉጥ ጥይት። ሰላም ሲመጣ አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ፈረሱ ወይም ተዘጉ። ቆይቶ የኢራቅና የአፍጋኒስታን ዘመቻ ሲመጣ የጦሩ ፍላጎት በአምስት ዓመት ውስጥ ከ730 ሚሊዮን ወደ 1.8 ቢሊዮን ገደማ ዘለለ፤ በ2005 የአሜሪካ መንግሥት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የዘገበው ነው። ሌክ ሲቲ አልበቃ ብሎ ከእስራኤል ሳይቀር ጥይት ተገዛ።

ከዚህ ሁሉ ተኩስ በኋላ የሚተርፈው ናስ ነው፤ ናሱም ገንዘብ ነው። በእኛም አገር በዐፄ ምኒልክ ዘመን ጥይት ከአሞሌ ጋር ለማርትሬዛ ብር ዝርዝር ሆኖ ገበያ ላይ ይውል ነበር። በአሜሪካ ደግሞ ቀለሁ በክብደት ይሸጣል። ጦሩ በማሠልጠኛዎቹ የተኮሰውን ቀለህ ለቅሞ ይሸጣል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተተኮሰ የሌክ ሲቲ ቀለህ በቤት ሞይዎች ዘንድ ተፈላጊ ነው። በማርች 2009 የመከላከያው ክፍል ቀለሁ ከመሸጡ በፊት ይጨፍለቅ የሚል ትእዛዝ አወጣ። የተጨፈለቀ ቀለህ ከማቅለጫ በቀር ለምንም አይሆንም። ቁጣው ወዲያው ተነሣ፤ የሞንታና ሴናተሮች ማክስ ባውከስና ጆን ቴስተር ደብዳቤ ጻፉ፤ ትእዛዙም በቀናት ውስጥ ተሻረ።

እንግዲህ አንድ ሰው ሳይጨፈለቅ የተረፈ አንድ ቶን ገዛ እንበል። 165,000 ቀለህ አካባቢ ነው። የወታደር ስለሆነ የእያንዳንዱ ፕራይመር ዙሪያውን ተነክሶ ነው የታሰረው፤ አዲስ ከመግባቱ በፊት ንክሻው በብረት መገፋት አለበት፣ ይኼም አንድ ማረፊያ ይይዛል። የመጀመሪያው ዙር በሙሉ ፍጥነት 55 ሰዓት፣ ሁለተኛውም 55። በመሀል ያለው የቆረቆንዳው በርሜል ነው፤ አንዱ የቤት በርሜል በአንድ ጊዜ የሚያነሣው ከጥቂት ኪሎ አያልፍም፣ እዚህ ያለው ሺህ ኪሎ ነው። ባሩዱ 590 ፓውንድ ገደማ ነው፤ ለቤት ከተፈቀደው የመጨረሻ ጣሪያ ከአሥር እጥፍ በላይ። ፕራይመሩ ደግሞ 165,000 ፍሬ፤ በ10,000 ደንብ ከሄደ አሥራ ሰባት ጊዜ ሱቅ ይመላለሳል፣ ሱቁ ካለው።